ስኳርና ቁንዶ በርበሬ

ፓስታ በስኳር ይሠራል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ድሮ «ሂድ ወዲያ!» ነበር የምለው። ስኳሩ ላይ ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ይጨመርበታል ቢለኝማ አማትቤ እሸሸው ነበር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? ዛሬ ያንን ጉድ ራሴ እሠራዋለሁ። ስሙ ኩግል ይባላል። ያስተማሩኝ አንዲት አይሁድ አሮጊት ናቸው።

እኔ የምኖረው አምስተርዳም፣ ኒው ዌስት ነው። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞሩ አረጋውያንን መርዳት ነው፤ እዚህ ቱይስዞርግ ይሉታል። ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት መስጠት፣ ደግሞ ያንን እግር የሚያንቅ ካልሲ ማጥለቅ። ካልሲውን የፈለሰፈው ሰው አንድም ቀን ለሰው አጥልቆ እንደማያውቅ እምላለሁ። ለአንድ ሰው የሚሰጠኝ ጊዜ እንኳን ለወሬ ለሰላምታም አይበቃም፤ እኔ ደግሞ ወሬ እወዳለሁ። ስለዚህ ሁልጊዜ እንደረፈደብኝ ነው፣ ሁልጊዜም አለቆቼ ይቆጡኛል።

አሮጊቷ የሚኖሩት አምስተርዳም አጠገብ፣ አምስተልቨን ነው። ፊት ለፊት በደችኛ «ሜቭራው»፣ ወይዘሮ እንደማለት፣ እላቸዋለሁ፤ በልቤ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እትዬ ናቸው። ተወልደው ያደጉት ኢየሩሳሌም ነው። ወንድማቸው ቀድመው ለሥራ ሆላንድ መጡ፤ እሳቸው ወንድማቸውን ሊጠይቁ መጥተው የወንድማቸውን ጓደኛ አግብተው ቀሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ልጅ አልወለዱም።

ኢየሩሳሌም መወለዳቸውን የነገሩኝ ቀን የማደርገው ጠፋኝ። እናቴ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም እንደተመኘች ነው የሞተችው። ካልሲውን አስቀምጬ እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል እትዬ እጃቸውን ነጥቀው፣ «ኢየሩሳሌም የተወለደ ሁሉ ቅዱስ ነው ያለሽ ማነው? ወንድሜን ባየሽው!» አሉኝ።

መጀመሪያ ላይ ተጣልተን ነበር። ማድ ቤታቸው ውስጥ የወተት ዕቃና የሥጋ ዕቃ ለየብቻ ነው፤ መሳቢያውም መታጠቢያውም ሁለት ሁለት። እኔ ሳላውቅ የወተቱን ማንኪያ የሥጋው ድስት ውስጥ ስከት ጮኹብኝ። እኔም አፌን ከፍቼ ልመልስ ስል እናቴ ትዝ አለችኝ። እሷም የጾም ድስትና የፍስክ ድስት ትለይ ነበር፤ የቅቤ ማንኪያ ሽሮ ውስጥ የነከረ ሰው ያን ቀን ምሳ አያገኝም። «ገባኝ፣ አይደገምም» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ተዋደድን።

ነገሩ የሆነው በሁዳዴ ጾም ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ስገባ እትዬ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ልብስ አልለብስም አሉ። ካልሲ ብላቸው እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ምነው? አመመዎት?»

«ትናንት ዴን ሃግ ነበርኩ» አሉ።

ወንድማቸው ዴን ሃግ ከተማ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ናቸው። የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። ካለፈው በጋ ጀምሮ እህታቸውን አያውቋቸውም፤ ሲያዩዋቸው ከወንበራቸው ተነሥተው «ሜቭራው፣ ይቀመጡ» ይሏቸዋል፣ ለእንግዳ እንደሚባለው። እትዬ ይህንን ለምደውታል። «ፊቴን ቢረሳው አልፈርድበትም፤ እኔም በመስታወት ሳየው አላውቀውም» እያሉ ይቀልዱ ነበር። የዚያን እሑድ ግን አንዲት አስታማሚ ወንድማቸውን ወንድም ወይም እህት እንዳላቸው ጠየቀቻቸው።

«ምን አሉ?» አልኳቸው።

«የለኝም አለ። ብቻዬን ነው ያደግኩት አለ።»

አንጀቴን በሉት። ካልሲውን ትቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ወላጆቼ የሉም፣ ባሌ የለም፣ የልጅነት ጓደኞቼ ሁሉ አልቀዋል» አሉ። «እኔም አንድ ቀን ልጅ እንደነበርኩ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው የቀረኝ። እሱም ከረሳኝ እንግዲህ አሮጊት ሆኜ ነው የተወለድኩት ማለት ነው። ስሜን አይጥራ። ፊቴን አይወቅ። ብቻ ከመሞቱ በፊት አንድ ቀን እህት አለችኝ ይበል።»

እኔ ሆዴ ሲባባ ዝም ማለት አልችልም። «ምን ላድርግልዎት?» አልኩ። ካልኩ በኋላ ነው በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ ይህ እንደሌለ ያስታወስኩት። እትዬ ግን አስበውበት ኖሯል።

«ኩግል ሥሪልኝ» አሉ።

ኩግል የእናታቸው ምግብ ነው። በኢየሩሳሌም ለሰንበት ይሠራል። እጃቸው ሳይታመም በፊት በየሳምንቱ አርብ ለወንድማቸው ሠርተው ይወስዱ ነበር። አሁን ጣቶቻቸው ተቆልምመዋል፤ እንኳን ድስት ማንሣት ቁልፍ መቆለፍም አቅቷቸዋል። «ዓይን ይረሳል፣ ጆሮ ይረሳል፤ አፍ ግን አይረሳም» አሉ። «ብቻ እንከን ሊኖረው አይገባም። ወንድሜ አንድም ቀን አመስግኖኝ አያውቅም። የእናታችንን አይደርስም ነው የሚለው። አሁን የእናታችንን ራሱን መሆን አለበት።»

ሐሙስና አርብ ዕረፍቴ ነበር። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሄድኩ። እትዬ ሽርጣቸውን አድርገው፣ እንደ ሙሽራ ተዘጋጅተው ነበር የጠበቁኝ።

መጀመሪያ ምድጃውን ራሳቸው ለኮሱ። በእነሱ ሕግ እሳቱን እሳቸው ካልለኮሱት እኔ የሠራሁት አይበላላቸውም። በተቆለመሙ ጣቶቻቸው መዘውሩን ሲታገሉ ልረዳቸው እጄን በላኝ፤ ግን ወደ ኋላዬ አጣምሬ ቆምኩ። በራሴ ቤት እንዲህ ብጠብቅ ኖሮ ባሌ ደስታውን አይችለውም።

ቀጭኑን የእንቁላል ፓስታ ቀቅዬ አጠለልኩ። ቀጥሎ ዘይትና ስኳር ብረት ድስት ውስጥ። ስኳሩ ቀለጠ፣ ቢጫ ሆነ፣ ቀላ። ላወርደው ስል፣

«ገና ነው!» አሉ።

«ሊያር ነው እኮ!»

«ገና ነው አልኩሽ። እናንተ ሽንኩርት ስታበስሉ አትፈሩም፣ ስኳር ላይ ሲደርስ ትፈራላችሁ።»

ስለ ሽንኩርቱ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። በገዛ አፌ ተያዝኩ። ጠበቅኩ። ስኳሩ ጠላ መሰለ፣ ከዚያ ጠቆር ያለ ጠላ። ጭስ ሊያወጣ ሲያስብ «አሁን!» ብለው ጮኹ። ፓስታው ላይ ገለበጥኩት። ይጮኻል ስላችሁ! ከዚያ ድርቅ አለና እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ፓስታው መሐል ቀረ። አለቀልን ብዬ እትዬን አየኋቸው። እሳቸው ተረጋግተው ተቀምጠዋል።

«አታልቅሺ። በቀስታ አማስዪው፣ ራሱ ይመለሳል።»

እውነትም ተመለሰ። ስኳሩ ዳግመኛ ቀልጦ ፓስታው ሁሉ ቡናማ ሆነና አበራ። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ እየሰበርኩ ደም የነካው እንዳይኖር በብርሃን አሳየኋቸው። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረታችንን ተርጉሜ ስነግራቸው፣ «በእኔ ቤት በድስት ነው የሚሄደው፤ ፍጠኚ» አሉኝ። እንቁላሉን ጨመርኩ፣ ጨው ጨመርኩ። ቁንዶ በርበሬው ላይ ደረስን።

«እዚህ ላይ ነው ነገሩ» አሉ እትዬ። «መጀመሪያ ጣፋጭ ነው፤ ከዋጥሽው በኋላ ጉሮሮሽን መያዝ አለበት። ቢያንስ የከረሜላ ፓስታ ነው፣ ቢበዛ የሚበላው የለም። ፍጪበትና ቅመሽው።»

መፍጫዋን አዞርኩ። ማንኪያ አነሣሁ። ማንኪያውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ምን ሆንሽ?»

«ጾም ላይ ነኝ» አልኩ።

እንቁላል አለበት፤ ፓስታው ራሱ እንቁላል ነው። ደግሞ የምጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ከዚያ በፊት ውሃ እንኳ አይቀመስም። ይህንን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ስለ ድስቱ፣ ስለ ስኳሩ፣ ዴን ሃግ ስለሚወስደን መኪናዬ ስናወራ ሰንብተን ይህን ነገር ሁለታችንም አላሰብነውም።

«እንግዲያው እርስዎ ይቅመሱት» አልኳቸው። ወዲያው ምላሴን ነከስኩ። እትዬ ያ የኮሮና ወረርሽኝ ከያዛቸው ጊዜ ጀምሮ ሽታም ጣዕምም አይሰማቸውም። ሽንኩርትና ፖም አይለዩም።

ተያየን። «የእኔ አፍንጫ ሞቷል፣ የአንቺ ምላስ ታስሯል» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ውስጤ ደንግጧል።

ጎረቤት እንጥራ አልኩ። «ደች አምጥተሽ ቁንዶ በርበሬ ልታስቀምሺ?» አሉኝ። እሱስ እውነት ነው። ድንች ላይ ትንሽ ብን ቢልበት እንኳ «ፒቲግ!» ያቃጥላል! ብሎ ውሃ የሚጠጣ ሕዝብ ነው።

«በቃ እቀምሰዋለሁ» አልኩ። «ለበሽተኛ ሲባል ነው። ንስሐ አባቴ ይረዱኛል።» ማንኪያውን ወደ አፌ ሳቀርብ እትዬ በዚያ በታመመ እጃቸው እጄን ቸብ አደረጉት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሕጌን ጠብቄ ኖሬ በእርጅናዬ የሰው ጾም ላስፈርስ? አስቀምጪ!»

«ወንድምዎትስ?»

«ወንድሜም የሰው ጾም አስፈርሶ አይበላም። አስቀምጪ አልኩሽ።»

አስቀመጥኩ። ቁርጥ ያለ ነገር ሲናገሩ ከእናቴ አይለዩም። ከዚያ ልቤ ተመለሰና፣ «ግድ የለም፤ የእኛ ሴቶች በጾም ጊዜ የወጥ ጨው በማሽተት ያውቃሉ» አልኩ። ትንሽ ጉራም ነበረበት። ድስቱ ላይ አጎነበስኩ። የተቃጠለ ስኳር ሸተተኝ። መፍጫዋን አዞርኩ፣ አሸተትኩ፤ ስኳር። እንደገና አዞርኩ፤ አሁንም ስኳር። በመጨረሻ አፍንጫዬን ነዘረኝና አስነጠሰኝ።

«ካስነጠሰሽ በቃ» አሉ እትዬ።

በዚሁ ተስማማን። ኦቭኑንም ራሳቸው ለኮሱት፣ በዝቅተኛ ሙቀት። እስኪመሽ ድረስ ቀስ እያለ ይበስላል፤ ሲበቃው እሳቸው ያጠፉታል። እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ በዛ ወይስ አነሰ እያልኩ ራሴን በላሁት።

አርብ ጠዋት የሕንፃውን በር ስከፍት ሽታው ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

«ይሸታል?» አሉኝ።

«ታች ድረስ ይሸታል።»

«ንገሪኝ። ምን ምን ይላል?»

ሽታ ለሰው ተነግሮ ያውቃል? ግን ሞከርኩ። «መጀመሪያ ማር ይላል» አልኩ። «ግን ያረረ ማር። ከሥሩ ደግሞ ዳቦ አለ፣ የዳቦ ቅርፊት። ከኋላ አንድ ደረቅ ነገር ይቆነጥጣል።» ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ስጨርስ፣ «እሱ ነው። የእናቴ ቤት ነው» አሉ። ደስታዬን አልችለውም ነበር፤ ፍርሃቴ ግን እዚያው ነው።

ድስቱን በፎጣ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈውት መኪናዬ ውስጥ ገቡ። ዝናብ ነበር። እስከ ዴን ሃግ ዓይናቸው ከድስቱ አልተነሣም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጭነት መኪና ሲቀድመን፣ «ቀስ» አሉኝ፤ ለድስቱ ነው።

ወንድማቸው ትራም የሚያልፍበት መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ረጅም፣ ጸጉራቸው የተበጠረ፣ ሱሪያቸው የተተኮሰ። ሲያዩን ተነሡ። «ሜቭራው፣ ይቀመጡ» አሉ ለእህታቸው። ለእኔም ወንበር ሳቡልኝ። እትዬ አመስግነው ተቀመጡ። ከኩግሉ ቆርጬ ሳህን ላይ አደረግኩላቸው፤ ጎኑ ላይ በኮምጣጤ የተቀመጠ ኪያር፣ እትዬ እንዳዘዙኝ።

ሽማግሌው ሹካውን አነሡ። ቆርሰው ጎረሱ። አኘኩ። ዓይናቸው ትራሙ ላይ ነው። ደግሞ ጎረሱ። ኪያሩን ነከሱ። ግማሹን በሉ። ምንም። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ምንም! ተስፋ ቆርጬ ወደ መሬት ሳይ ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ቁንዶ በርበሬው ጎድሎታል» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በአፍንጫዬ ተመክቼ የሴትዮዋን የመጨረሻ ተስፋ አበላሸሁ አልኩ። ቀና ብዬ እትዬን ለማየት አፈርኩ። ሽማግሌው ግን አልጨረሱም።

«ሁልጊዜ እንዲሁ ናት» አሉ እየተነጫነጩ። «እነግራታለሁ፣ አትሰማም።»

የእትዬ እጅ ጉልበቴን ጨበጠ። «ማን ናት?» አሉ። ወንበራቸውን አስጠግተው ደግመው ጠየቁ። «ማን ናት የማትሰማው?»

«እህቴ ናታ!» አሉ ሽማግሌው፣ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን እያዩዋቸው። «ታናሽ እህት አለችኝ። ቁንዶ በርበሬ ትፈራለች። ትንሽ ልጅ ሳለች የእናታችንን ሙቀጫ ልሳ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ዋለች። ምላሷን ውሃ እየነከርኩ ያባበልኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ከኩግል ላይ ትቆጥባለች።»

እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«እርስዎ ያውቋታል?» አሉ ሽማግሌው።

«አውቃታለሁ» አሉ እትዬ።

«እንግዲያው ይንገሩልኝ፣ ይጎድለዋል ብሏል ይበሏት። ግን ቀስ ብለው ይንገሯት። ሆደ ቡቡ ናት፣ ቶሎ ታለቅሳለች።»

«ቀስ ብዬ እነግራታለሁ» አሉ እትዬ።

አላለቀሱም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ ተጨማሪ ኪያር ለማምጣት መስዬ ተነሥቼ ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ። ስመለስ ሽማግሌው የቀረውን ግማሽ ይበላሉ፤ እትዬ ደግሞ ሁለተኛ ቁራጭ እየቆረሱላቸው ነው፣ በዚያ በተቆለመመ ጣታቸው።

ሰንበት ከመግባቱ በፊት ቤት መድረስ ስላለባቸው ብዙ አልቆየንም። መኪና ውስጥ ባዶው ድስት ጭናቸው ላይ ነው። «ጉድ እኮ ነው» ይላሉ ለራሳቸው። «ሙቀጫውን እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። ውሃ እየነከረ… እውነቱን ነው፣ እሱ ነው ያባበለኝ።» ፎጣውን ያጣጥፋሉ። ደግሞ ይጀምራሉ።

እኔ ጥፋቴ እየከነከነኝ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ለሚቀጥለው አርብ ቁንዶ በርበሬውን እጨምረዋለሁ።»

እትዬ ወደ እኔ ሲዞሩ እውነተኛ ቁጣ ነበር ፊታቸው ላይ።

«ድርሽ እንዳትይ!» አሉኝ። «አንዲት ፍሬ ብትጨምሪ አንቺን አያድርገኝ!»

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሐሙስ እንሠራለን፣ አርብ እንወስዳለን። በእነሱ ፋሲካ ጊዜ ዱቄት የነካው ሁሉ ከቤት ስለሚወጣ ብቻ ተቋርጦ ነበር። ሽማግሌው አንዳንድ አርብ ዝም ብለው በልተው ትራም ያያሉ፤ ያን ቀን መንገዱ ይረዝምብናል። አንዳንድ አርብ ደግሞ ሹካቸውን አስቀምጠው «እህቴ አትሰማም» እያሉ ይነጫነጫሉ፤ ያን ቀን እትዬ እስከ አምስተልቨን ድረስ ያንጎራጉራሉ።

የእኛም ፋሲካ ደረሰና ጾም ፈታሁ። በዚያ ሳምንት ሐሙስ ኩግሉ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ እትዬ ማንኪያ ሰጡኝና፣ «አሁን ቅመሺ» አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመስኩት። ጣፈጠኝ፤ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ግን የሚጠብቀውን አላገኘም። ሽማግሌው እውነታቸውን ነው።

«እንዴት ነው?» አሉ እትዬ።

«ይጎድለዋል» አልኳቸው።

«እሰይ» አሉ፤ መፍጫዋንም ወስደው መሳቢያ ውስጥ ከተቱ።